ኦሌ ኤቪንሩድ፦ የቡና መፍጫ የተባለው ሞተር አባት

በቦንጋ ተቀምጦ ስለ ቡና ያልተባለ ነገር እጽፋለሁ ብሎ ብዕር የሚያነሣ ሰው ድፍረቱ ያስደንቃል። እኔም ቡናን የማነሣው ስለ ቡና ለመጻፍ ሳይሆን በሌላ ምክንያት ነው። በአሜሪካ አገር በሚልዎኪ ከተማ የሚኖር አንድ ባለሙያ በገዛ እጁ የሠራውን የመጀመሪያውን የጀልባ ሞተር ወደ ቤቱ ይዞ በገባ ጊዜ፣ ባለቤቱ አይታ የቡና መፍጫ ይመስላል ብላ እንደ ቀለደችበት ይተረካል። ቀልዱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ብረቱ ግዙፍ፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ፣ ከላዩም በእጅ የሚዞር እጀታ ያለው ነበርና። ያ ባለሙያ ኦሌ ኤቪንሩድ ይባላል። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች የአንድ የሙያ አባት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ እርሱን የመረጥሁት ግን በቡናው ቀልድ ብቻ አይደለም።

ከፋ የጀልባ አገር ሆኖ አያውቅም። ጎጀብ ሰሜናዊውን ወሰን ተከትሎ በገደል መካከል ወርዶ ከኦሞ ጋር ሲገናኝ የሚታየው ውሃ የሚሻገሩት እንጂ የሚንሸራሸሩበት አልነበረም። ሆኖም ሦስተኛው የግቤ ግድብ ተሠርቶ በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ከእኛ በስተምሥራቅ የኦሞ ሸለቆ ረጅም ሐይቅ ሆኗል፤ በሐይቁም ላይ በሞተር የሚነዱ ጀልባዎች ይታያሉ። ጣና ላይ ደግሞ ከደንገል ታንኳ ጎን በሞተር የሚሄዱ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች በሆላንዳውያን ርዳታ የገቡት በ1986 ነው። ሞተር ወደ አንድ አገር ሲገባ ከኋላው የሚከተለው ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ሲሰበር መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የኤቪንሩድን ሕይወት የተመለከትሁት በዚህ ጥያቄ መነጽር ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው ብዬ ከምለየው አንድ ቦታ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ኦሌ የተወለደው አፕሪል 19 ቀን 1877 በኖርዌይ ገጠር ነው። አምስት ዓመት ሲሆነው፣ በ1882፣ ወላጆቹ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ኖርዌያውያን ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ ተሰደዱና በዊስኮንሲን ግዛት ካምብሪጅ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በሪፕሊ ሐይቅ አካባቢ እርሻ ያዙ። ልጁ ለቤቱ የበኵር በመሆኑ ለእርሻው ሥራ ቶሎ ተፈለገ፤ ስለዚህም የመደበኛ ትምህርቱ ከሦስተኛ ክፍል እምብዛም አላለፈም። ሒሳብና ምህንድስና በኋላ በሻማ ብርሃን ከመጻሕፍት ለብቻው የተማረው ነው። አባቱ ልጃቸው ከውሃና ከጀልባ እንዲርቅ ይሹ እንደ ነበር፣ እርሱ ግን ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በድብቅ የሸራ ጀልባ ሠርቶ በሐይቁ ላይ ጎብኚዎችን በክፍያ ማንሸራሸር እንደ ጀመረ ይነገራል። ታሪኩ እየተነገረ ሲሄድ መዋቡ አይቀርም። የእንጨት ሥራ እጁ ከልጅነቱ የተፈታ መሆኑን ግን የኋላ ሕይወቱ ይመሰክራል።

በ16 ዓመቱ ወደ ማዲሰን ከተማ ሄዶ በእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ በተለማማጅነት ተቀጠረ። ከዚያም ወደ ፒትስበርግና ወደ ቺካጎ ተሻግሮ በብረት ማቅለጫዎችና በማሽን መሥሪያ ቤቶች ውስጥ እየሠራ ዓመታት አሳለፈ። በዚህ ዙረት መጨረሻ የጨበጠው ሙያ ፓተርን ሠሪነት ነው። ለአንባብያን ሁሉ ግልጽ እንዲሆን ጥቂት ልቆይበት። የቀለጠ ብረት በአሸዋ ውስጥ በተበጀ ጉድጓድ ይፈስሳል፤ ጉድጓዱ ቅርጹን የሚያገኘው ደግሞ አስቀድሞ ከእንጨት ከተቀረጸ አምሳያ ነው። አምሳያውን የሚቀርጸው ሰው ከአናጢም ከመሐንዲስም ወገን ነው። ብረት ሲበርድ እንደሚኮማተር ያውቃልና በተራ መለኪያ አይሠራም፤ የእርሱ ማስመሪያ ሆን ተብሎ የረዘመ ነው። ለቀለጠ ብረት ከመቶ አንድ ያህል፣ ለአሉሚኒየምና ለነሐስ ደግሞ ከመቶ አንድ ከሩብ እስከ አንድ ተኩል ያህል ይጨመርበታል። አምሳያው ከአሸዋው ሲወጣ ሻጋታው እንዳይቀደድ ጎኖቹ ጥቂት ዘንበል ይላሉ፤ በቶርኖ የሚላጨውም ገጽ ትርፍ ሥጋ ይተውለታል። ዕቃውን በዓይነ ኅሊናው ገልብጦ፣ አግዝፎና ቆራርጦ ማየት የማይችል ሰው ይህን ሙያ ሊይዘው አይችልም። ኤቪንሩድ በ1900 ገደማ ወደ ሚልዎኪ ሲመጣ በዚያ የታወቀ ታላቅ የማሽን ፋብሪካ ውስጥ በዚሁ ሙያ ተሠማራ።

ቀን በፋብሪካው፣ ማታ ደግሞ በተከራየው ክፍል ውስጥ የራሱን የቤንዚን ሞተር ይፈትሽ ነበር። ከሸሪኮች ጋር ያቋቋማቸው የመጀመሪያዎቹ ወርክሾፖች ሁሉ ከሸፉ። ሞተሮቹ ደኅና ነበሩ፤ የጐደለው ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚይዝና ገበያ የሚያውቅ ሰው ነበር። ያን ጉድለት የሞላችው በጎረቤት ትኖር የነበረችውና የንግድ ትምህርት የተማረችው ቤስ ኬሪ ናት። በ1906 ተጋቡ፤ በተከታዩ ዓመት ራልፍ የተባለ ልጅ ወለዱ። በነገራችን ላይ፣ አንድ ሦስተኛ ክፍል ያልዘለለ የእጅ ባለሙያ በሚልዎኪ የንግድ ሰው ለመሆን በሚታገልበት በዚያው ዘመን፣ በአገራችን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ባለሙያን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ምን ያህል እንደ ተፈጸመ በከፋ ቀጥቃጮች ኑሮ ማየት ይቻላል፤ ይህ ግን ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል።

የሞተሩ ሐሳብ ስለ መጣበት አኳኋን የሚነገረው ታሪክ በጣም የታወቀ ነው። በ1906 በጋ፣ ኦሌና ቤስ ከወዳጆቻቸው ጋር በሐይቅ ዳር ሲዝናኑ ቤስ አይስክሬም አማራት፤ ኦሌም በጀልባ ቀዝፎ ተሻገረና ገዛ፤ ሲመለስ ግን በፀሐዩ ብርታት ቀልጦ ጠበቃት ይባላል። ክንዱ እየዛለ ሳለ ነው እንግዲህ ስለ ሞተር ያሰበው። እንዲህ ያለ ታሪክ ለማስታወቂያ እንጂ ለምህንድስና ታሪክ ብዙም አይጠቅምም ባይ ነኝ። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ከእርሱ በፊት ነበር፤ በ1896 በኒው ዮርክ ተሞክሯል፤ የዲትሮይቱ ካሜሮን ዋተርማንም የኤቪንሩድ ሞተር ለገበያ ከመቅረቡ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የራሱን መሸጥ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ኤቪንሩድ የመጀመሪያው ፈልሳፊ አይደለም። የእርሱ ድርሻ ሞተሩን ተራው ዓሣ አጥማጅ የሚገዛው፣ የሚሸከመውና የሚጠግነው ዕቃ ማድረጉ ነው፤ በእኔ ግምት ይህ ከፈልሳፊነት አያንስም።

በ1909 የወጣው ሞተር አንድ ሲሊንደር ያለው፣ ባለ ሁለት ምት፣ በውሃ የሚቀዘቅዝና አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ክብደቱ 62 ፓውንድ፣ ማለትም 28 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ ዋጋው ደግሞ 62 ዶላር ነበር። አቀማመጡን ልብ እንበል። ሲሊንደሩ ይጋደማል፤ ክራንክ ሻፍቱ ይቆማል፤ ከላይ ፍላይዊሉ ይቀመጣል፤ ከታች ረጅሙ ዘንግ ወደ ውሃ ውስጥ ወርዶ አቅጣጫ በሚለውጡ ሁለት ጥርሶች አማካይነት ፕሮፔለሩን ያዞራል። ጀልባው የሚመራው ሞተሩ ራሱ በመዞሩ ስለሆነ የተለየ መሪ አያስፈልገውም፤ ደለል ወይም ድንጋይ ሲያጋጥም ወደ ላይ ይነሣል፤ ማታ ደግሞ ተነቅሎ ወደ ቤት ይገባል። ባለ ሁለት ምት በመሆኑ ባልቦላ የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። የሚነሣው ፍላይዊሉ ላይ ያለውን እጀታ በእጅ በማሽከርከር ነው። የመልስ ምት ሲመታ የጣት አጥንት ይሰብር ስለ ነበር ይህ እጀታ መጥፎ ስም አትርፏል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን መሠረታዊው አቀማመጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይለወጥ መቆየቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን 25 ሞተሮች በእጅ ሠሯቸው። አንዱን ሞተር የተዋሰ ወዳጅ በሐይቅ ዳር ሰዎች ፊት ነድቶት ሲመለስ የዐሥር ሞተሮች ትእዛዝ ከነገንዘቡ ይዞ እንደ መጣ ይነገራል። ቤስ በበኩሏ ሰው ሁሉ መቅዘፊያውን እንዲጥል የሚመክር አጭር ማስታወቂያ ጽፋ በጋዜጣ አወጣች፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ይጎርፍ ጀመር። ክሪስ ማየር የተባለ ባለሀብት በገንዘብ ሸሪክ ሆነ። በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው የዴንማርክ ተወላጅ ኦሉፍ ሚከልሰን ደግሞ ለስካንዲኔቪያ ዓሣ አጥማጆች በሺህ የሚቆጠሩ ሞተሮች አዘዘ። እንዲህ ሆኖ በአምስት ዓመቱ ከኖርዌይ በስደት የወጣው ልጅ የሠራው ሞተር ወደ ተወለደበት ባሕር ተመለሰ። የባለቤትነት መብቱ በኦገስት 1911 ተመዘገበለት።

ሥራው በሞቀበት ሰዓት የቤስ ጤና ታወከ። ኦሌም ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበትና ድርሻውን በ1914 ገደማ ለማየር ሸጦ ወጣ። በውሉ መሠረት ለአምስት ዓመት ያህል ወደዚሁ የሞተር ሥራ እንዳይመለስ ተስማማ። ቤተሰቡ አገር ለአገር እየተዘዋወረ አረፈ። ለእኛ ባለሙያዎች ግን እዚህ ላይ የሚያሳስብ ነገር አለ። የሸጠው ፋብሪካውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤቪንሩድ የሚል ጽሑፍ የተጣለበት ሞተርም ሆነ መለዋወጫ የኤቪንሩድ እጅ ያልነካው ሆነ፤ አምሳያዎቹም፣ ያ ሁሉ በረዘመ ማስመሪያ የተቀረጸ እንጨት፣ በሌላ ሰው መጋዘን ቀረ።

የውሉ ዘመን ሲያልቅ አዲስ ንድፍ ይዞ ብቅ አለ። በመኪናና በአውሮፕላን ሥራ የተስፋፋውን አሉሚኒየም በብዛት ተጠቅሞ፣ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት፣ ሦስት የፈረስ ጉልበት የሚሰጥና ክብደቱ 22 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ የሆነ ሞተር ሠራ። ጭሱንም በፕሮፔለሩ እንብርት በኩል ወደ ውሃ ውስጥ አስወጣው፤ ድምፁ ረገበ። መጀመሪያ ያቀረበው ለቀድሞ ሸሪኩ ለማየር ነበር። ማየር አልፈልግም አለ። ከምህንድስና ይልቅ የቂም ታሪክ የሚወዱ ሰዎች እዚህ ላይ ብዙ ያወራሉ፤ እኔ እንደማየው ግን ማየር ያደረገው ብዙ ባለ ፋብሪካዎች የሚያደርጉትን ነው፤ በእጁ ያለው ይሸጥለት ነበርና ለውጥ አላሻውም። በ1921 ኦሌና ቤስ በራሳቸው ገንዘብ ኤልቶ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። የራሱን ስም በሙሉ መጠቀም ስላልቻለ፣ የኤቪንሩድን፣ የቀላልንና የመንታን የእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎች ሰብስቦ በአንድ ቃል ውስጥ ስሙን ደበቀው። በዚያው ወቅት የኢንዲያናዎቹ የጆንሰን ወንድማማቾች ከእርሱም ይልቅ የቀለለ ሞተር ይዘው መጡ፤ በሁለቱ ፉክክር የጀልባ ሞተር በአንድ ዐሥር ዓመት ውስጥ ካለፈው ዘመን ሁሉ የበለጠ ተሻሻለ። ኤልቶ በ1928 ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አወጣ።

በ1929 ኤልቶ፣ ሎክዉድ የተባለ ሌላ ፋብሪካና በዚያን ጊዜ በስቲቨን ብሪግስ እጅ ገብቶ የነበረው አሮጌው የኤቪንሩድ ኩባንያ ተዋሐዱ፤ ኦሌም የአዲሱ ድርጅት ፕሬዚዳንት ሆነ። ስሙ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ተመለሰለት ማለት ነው። ደስታው ግን አልቆየም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓለም ኤኮኖሚ ወደቀ፣ መዝናኛ ጀልባ የሚገዛ ጠፋ። በ1933 ቤስ አረፈች። እርሱም ከእርሷ ሞት በኋላ ከአንድ ዓመት ጥቂት ብቻ ቆይቶ በጁላይ 12 ቀን 1934 በሚልዎኪ በ57 ዓመቱ ዐረፈ።

ልጁ ራልፍ ሥራውን ተረክቦ ከጆንሰን ጋር ተዋሐደ፤ በ1936 የተመሠረተው አንድ ኩባንያ የሁለቱንም ስሞች ይዞ ከስድሳ ዓመት በላይ ሠራ። አሮጌ ሞተር የሚጠግን ሰው ይህን ውሕደት ሊያውቀው ይገባል። ከሃምሳዎቹ ዓመታት ጀምሮ ብዙ የጆንሰንና የኤቪንሩድ ሞተሮች ሽፋናቸውና ቀለማቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው አንድ ነው፤ ለአንዱ ያልተገኘ ዕቃ በሌላው ስም ሊገኝ ይችላል። ኩባንያው በዲሴምበር 2000 ከሰረ፤ የካናዳው ቦምባርዲዬ ገዛው፤ ወራሹ ድርጅት ደግሞ በሜይ 2020 ኤቪንሩድ የተባለውን ሞተር መሥራት ጨርሶ አቆመ። ነባር ሞተሮችን በመለዋወጫ እንደሚደግፍ ቃል ገብቷል፤ ነገር ግን የማይሠራ ሞተር መለዋወጫ ከዓመት ዓመት እየሳሳ መሄዱ የማይቀር ነው።

እንግዲህ አንድ አሮጌ ሞተር በእጃችን ቢገባ ፍለጋው የሚጀምረው ከስም ሰሌዳው ነው። የሞዴሉና የተከታታይ ቁጥሩ ከሌለ የመለዋወጫ መጽሐፍ ሁሉ ከንቱ ነው። ከ1980 ወዲህ የተሠሩት የጆንሰንና የኤቪንሩድ ሞተሮች ዓመታቸውን በሁለት ፊደሎች ይደብቃሉ፤ ቁልፉ ኢንትሮዱስስ የሚለው፣ ፊደል የማይደገምበት ባለ ዐሥር ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አይ 1፣ ኤን 2፣ ቲ 3፣ አር 4፣ ኦ 5፣ ዲ 6፣ ዩ 7፣ ሲ 8፣ ኢ 9፣ ኤስ ደግሞ 0 ነው። ስለዚህ በሞዴሉ መጨረሻ አካባቢ ሲ እና አር ተከታትለው ቢገኙ ሞተሩ የ1984 ሥሪት ነው። ከዚያ ለሚበልጡት ደግሞ በአሜሪካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጥንታዊ የጀልባ ሞተር ወዳጆች ማኅበር አለ፤ አባላቱ ዕቃ ይለዋወጣሉ፣ የቀድሞ የመለዋወጫ መጻሕፍትንም ያባዛሉ።

ቁልፍ ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የማስነሻው ቁልፍ ነው። የኤቪንሩድ የመጀመሪያ ሞተሮች ይህ አልነበራቸውም፤ የመጣው በኤሌክትሪክ የሚነሡት ሲስፋፉ ነው። ቁልፉ ቢጠፋ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በማስነሻው ፊት ተቀርጾ ስለሚገኝ በዚያ ቁጥር ማስቀረጽ ይቻላል። የመኪና መካኒክ ግን እዚህ ይሳሳታል። መኪና ላይ ቁልፉ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ማግኔቶ ባለው የጀልባ ሞተር ላይ ግን ቁልፉ ሲዘጋ የማግኔቶውን ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ አካል ሰዶ ያጠፋል። በመሆኑም የማስነሻው ሽቦ ቢነቀል ሞተሩ በገመድ ይነሣል፤ አልጠፋ የሚለው በኋላ ነው። ሽቦውን ከመንቀል በፊት ሌላ የማጥፊያ ቁልፍ ማዘጋጀት ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ እንግሊዞች በዚሁ ስም የሚጠሩት፣ በክራንክ ሻፍቱና በፍላይዊሉ መካከል የሚገባው ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ብረት ነው። ኀይሉን የሚሸከመው ሾጣጣው የዘንግ ጫፍ ነው፤ ግማሽ ጨረቃዋ ቦታ ትጠብቃለች እንጂ አትሸከምም። የፍላይዊሉ ዳዶ ላልቶ ይህቺ ብረት በጥቂቱ ስትቆረጥ የእሳቱ ሰዓት ይዛባል። ካንዴላው እሳት ይሰጣል፣ ቤንዚኑ ይደርሳል፣ ሞተሩ ግን ይተፋል፣ ወደ ኋላም ይመታል። ካርቡራቶር ሦስት ጊዜ ተፈትቶ የተገጠመበት ሞተር በዚህች ብረት ምክንያት ሲቀመጥ ማየት እንግዳ አይደለም። ከለስላሳ ብረት በሞረድ አስተካክሎ መተካት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የፕሮፔለሩ ፒን ደግሞ እንዲሰበር የተሠራ ነው፤ ድንጋይ ሲመታ እርሱ ተሰብሮ ጥርሶቹን ያድናል። በእርሱ ፋንታ ጠንካራ ሚስማር የሚያስገባ ሰው ከብር ዋጋ በማይደርስ ፒን ፈንታ የማይገኘውን ጥርስ ይሰብራል።

የቀሩት ዕቃዎች ሁለት ወገን ናቸው። ጓርኒሲዮን ከወረቀት ይቆረጣል፤ ኩሽኔታ በቁጥሩ ከገበያ ይፈለጋል፤ ክዳን፣ ቅንፍና ፕሮፔለር ቀልጦ ሊፈስስ ይችላል። አሉሚኒየም አቅልጠው ድስት የሚያወጡ ባለሙያዎች በአገራችን አሉ፤ ለአምሳያ የሚሆን የዋንዛ እንጨትም በከፋ ደን ውስጥ አልጠፋም። የሚጐድለው በመካከላቸው የሚቆመው ሰው ነው። አሮጌውን ዕቃ ራሱን በአሸዋ ውስጥ አትሞ ማፍሰስ ብዙዎችን ያታልላል፤ የሚወጣው ግን ሁለት ጊዜ ያነሰ ነው፤ አንድ ጊዜ በመበላቱ፣ አንድ ጊዜ በመኮማተሩ። መቶ ሚሊ ሜትር የነበረ የነሐስ ዕቃ ዘጠና ስምንት ተኩል ሆኖ ይወጣና አይገጥምም።

የ1909ኙ ሞተር ቢሰበር በዚህ መንገድ ሁሉ ነገሩ ሊተካ ይችል ነበር፤ የሠራው ሰው ራሱ ፓተርን ሠሪ ነበርና። በ2020 ሥራው የቆመው የመጨረሻው ኤቪንሩድ ግን ነዳጁን የሚመጥነውም እሳቱን የሚያዘውም በታሸገ የኤሌክትሮኒክ ሣጥን ነው፤ ጕድለቱም የሚነበበው በኮምፒዩተር ነው። ለሐይቆቻችን ጀልባ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ከዋጋው ጋር የመለዋወጫውን መጽሐፍ፣ የሥዕሎቹን ቅጂና ቢያንስ ሁለት የፕሮፔለር ፒን ከረጢት በውሉ ውስጥ ቢያስገባ መልካም ነው፤ ከቁልፎቹም አንዱን ከቁጥሩ ጋር በጽሕፈት ቤቱ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ።